ፎርማት ከተደረገ ወዲህ እምቢ ያሉ የኤፍ ቁልፎች፦ ኪቦርዱ ይቀየር?

ጥያቄ፦ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ኤችፒ ፓቪሊዮን 15 ላፕቶፕ አለኝ፤ ኮር አይ 5፣ 6ኛ ትውልድ ነው። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ አለቀ ሲባል ሰፈራችን ያለ ባለሙያ ጋ ወስጄ ፎርማት አስደረግኩና ዊንዶውስ 11 ተጫነልኝ። ከዚያ ወዲህ ከላይ ያሉት የኤፍ ቁልፎች ተበላሹ። ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻው ይሠራል። የስክሪኑ ብርሃን ግን አይቀንስም፤ ዓይኔን ሊያጠፋው ነው። ኤክሴል ላይ ኤፍ 2 ስጫን ምንም የለም። ኤፍ 4 ስጫን የስክሪን ምርጫ ይመጣብኛል። ኤፍ 12 ላይ ያለችው የአውሮፕላን ምልክትም አትሠራም። ኤፍኤንና ኤስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኚ ያለኝ ሰው ነበር፤ ሞከርኩ፣ ለውጥ የለም። የአማርኛ መጻፊያም አብሮ ስለተጫነ እሱ ይሆን የረበሸው? ባለሙያው ኪቦርዱ መቀየር አለበት ብሎኛል። ልቀይረው?

መልስ፦ አይቀይሩት። ኪቦርዱ ጤነኛ ነው።

ላፕቶፑን ሳላየው እንዲህ አፌን ሞልቼ የምናገረው ማስረጃውን እርስዎ ራስዎ ስለጻፉት ነው። ኤፍ 4 ሲጫኑ የስክሪን ምርጫ ይመጣል ብለዋል። እንግዲህ ኤፍ 4 በሕይወት አለ። ድምፁ ይሠራል ብለዋል። ፓቪሊዮን 15 ላይ እነዚያ ኤፍ 7 እና ኤፍ 8 ናቸው፤ እነሱም አሉ። የሚያጠራጥረው ኤፍ 2 ነው። አሁኑኑ ኤክሴል ይክፈቱና ቁጥር ያለበት አንድ ሴል ላይ ይቁሙ። ኤፍኤንን በአንድ ጣት ይዘው ኤፍ 2ን ይጫኑ። ጠቋሚው ሴሉ ውስጥ ገብቶ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ነገሩ አለቀ። ከኤፍ 2 ሥር ያለው መጫኛ አንድ ብቻ ነው። ሴል ለማረምም፣ ብርሃን ለመቀነስም የሚጫኑት ያንኑ ነው። ለአንዱ ሥራ እሺ፣ ለሌላው እምቢ የሚል ፕላስቲክ የለም።

የምር የተበላሸ ኪቦርድ ጠባዩ ሌላ ነው። ሻይ የፈሰሰበት ኪቦርድ ሥራ አይመርጥም። ከቁልፎቹ ሥር ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ቁልፎቹን በረድፍና በዓምድ ያያይዟቸዋል። አንዱ መስመር ሲቆረጥ ከኤፍ ቁልፉ ጋር ሁለት ሦስት ፊደሎች አብረው ይሞታሉ፤ ያኔ ስምዎን መጻፍ ራሱ ያቅትዎታል። ድምፁን ትቶ ብርሃኑን ብቻ የመረጠ የኪቦርድ ብልሽት ግን እስካሁን አላየሁም።

ባለሙያውን ለመውቀስ አይደለም። እኔም ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ለአንድ ደንበኛ እንዲሁ ኪቦርድ አዝዤ ነበር። ስንት ቀን ጠብቀን መጣ። ላፕቶፑን እስከ ማዘርቦርዱ ፈትቼ ቀየርኩት። ገጥሜ ሳበራው ብርሃኑ እዚያው እንደነበረ ቁጭ! የጎደለው የግራፊክስ ድራይቨር ነበር፤ ዊንዶውስን ከስክሪኑ ክፍል ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም። የኪቦርዱን ሒሳብ ከራሴ ኪስ ከፈልኩ።

ነገሩን ያወሳሰበው «የኤፍ ቁልፎቹ ተበላሹ» የሚለው አነጋገር ነው። እርስዎ ጋ ያሉት ሦስት እርስ በርስ የማይተዋወቁ ችግሮች ናቸው። አንድ ረድፍ ላይ ስለተቀመጡ አንድ መሰሉ እንጂ።

ኤፍኤን እንደ ሌሎቹ ቁልፎች አይደለም። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ለብቻው ሲጫኑት ዊንዶውስ ጨርሶ አይሰማም። የሚሰማው ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠ አንድ ትንሽ ቺፕ ነው፤ ኢምቤድድ ኮንትሮለር ይባላል። ኪቦርዱን፣ ባትሪውንና ፋኑን የሚጠብቅ ዘበኛ በሉት። ኤፍ 2 ሲነካ «ተራ ኤፍ 2» ብሎ ያሳልፈው ወይስ «ብርሃን ቀንስ» ብሎ፣ የሚወስነው ይሄ ዘበኛ ነው። ዊንዶውስ የሚደርሰው ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ይለያያል። የድምፅ ቁልፎች በዓለም ላይ አንድ ዓይነት የታወቀ ኮድ አላቸው፤ ማንኛውም ዊንዶውስ ገና እንደተጫነ ያውቃቸዋል። ኤፍ 4 ደግሞ የዊንዶውስ ቁልፍና ፒ አንድ ላይ የተጫኑ ይመስል ያንኑ ይልካል፤ እሱም ድራይቨር አይፈልግም። የብርሃኑ ትእዛዝ ግን ዊንዶውስ ጋ ደርሶ አያበቃም፤ የስክሪኑን መብራት የሚቆጣጠረው የግራፊክስ ድራይቨር ጋ መድረስ አለበት። የአውሮፕላኗ ቁልፍ የምትናገረው ደግሞ የኤችፒን ቋንቋ ነው፤ የኤችፒ ድራይቨር ከሌለ ዊንዶውስ ቢሰማትም አይገባውም። ላፕቶፑ ከፋብሪካ ሲወጣ እነዚህ ድራይቨሮች ሁሉ ተሞልተውበት ነበር። ፎርማቱ ጠረጋቸው፤ የተጫነልዎ ባዶው ዊንዶውስ ነው።

አሁን ወደ መፍትሔው። ከኤክሴሉ እንጀምር፤ እንጀራዎ እሱ ላይ ስለሆነ።

ኤፍ 2 እና ኤፍ 4 ኤክሴል ላይ እምቢ ያሉት ድራይቨር ጎድሎ አይደለም። ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት በሚነሳው የላፕቶፑ የራሱ ማስተካከያ ውስጥ፣ «አክሽን ኪይስ ሞድ» የሚባል ምርጫ አለ። ሲበራ ቁልፎቹ በቀጥታ ሲነኩ ብርሃንና ድምፅ ይሆናሉ፤ ተራው ኤፍ 2 የሚገኘው በኤፍኤን ነው። ሲጠፋ ይገለበጣል። ኤችፒ ከፋብሪካ ሲልከው አብርቶ ነው። ቀድሞ አንድ ሰው አጥፍቶልዎ ነበር ማለት ነው፤ ወይም ላፕቶፑን ያገለገለ ገዝተው የፊተኛው ባለቤት አጥፍቶት ይሆናል። ታዲያ ምን ነካው? ዊንዶውስ 11 ሲጫን ባለሙያው ባዮስ ውስጥ ገብቶ የማስነሻውን አቀማመጥ መነካካቱ አይቀርም። እግረ መንገዱን ኤፍ 9ን ተጭኖ ሁሉንም ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ ከመለሰ ይሄኛውም አብሮ ይመለሳል። በእኔ ግምት የሆነው ይሄ ነው።

ማስተካከያው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ላፕቶፑን ያጥፉ። ሲያበሩት ወዲያው ኤስኬፕን ቶሎ ቶሎ ይንኩ። ጥቁር ገጽ ላይ ዝርዝር ሲመጣ ኤፍ 10ን ይጫኑ። በቀስት ቁልፎች «ሲስተም ኮንፊገሬሽን» ወደሚለው ይሂዱና «አክሽን ኪይስ ሞድ»ን «ዲስኤብልድ» ያድርጉት። በኤፍ 10 ሴቭ አድርገው ይውጡ። ሌላ ምንም አይንኩ። በነገራችን ላይ ኤፍ 10 ባዮስ ውስጥ ካስገባዎት እሱም ጤነኛ መሆኑን አረጋገጡ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ኤፍ 2 ሴል ያርማል፣ ኤፍ 4 የዶላር ምልክቶቹን ያስገባል፣ አልትና ኤፍ 4 ፕሮግራም ይዘጋል። ብርሃንና ድምፅ ሲፈልጉ ኤፍኤንን ይጨምራሉ። ሁለቱንም ያለ ኤፍኤን ማግኘት አይቻልም፤ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ቀኑን ሙሉ ኤክሴልና ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ለሚውል ሰው የትኛው እንደሚሻል ግልጽ ነው። ፊልም ብቻ የሚያዩ ቢሆን ኖሮ ተዉት እልዎት ነበር።

ኤፍኤንና ኤስኬፕን ያስሞከረዎት ሰው አልዋሸም፤ ግን የሌላ ላፕቶፕ መልስ ነው የሰጠዎት። ሌኖቮና ዴል ላይ ብዙ ጊዜ ያ ጥምረት ረድፉን ይገለብጠዋል። በእርስዎ ዓይነት ኤችፒ ላይ ግን ሥራው የላፕቶፑን መረጃ ማሳየት ነው፤ እሱም ቢሆን የኤችፒ ሶፍትዌር ካለ ነው።

ሁለተኛው ብርሃኑ ነው። መጀመሪያ የት ጋ እንደተቆረጠ እንለይ። የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘው የእንግሊዝኛዋን የመጀመሪያ ፊደል (A) ይጫኑ። ጥግ ላይ ትንሽ ሳጥን ይከፈታል። እዚያ ውስጥ የፀሐይ ምልክት ያለበት የብርሃን መጎተቻ አለ? ካለና ሲጎትቱት ስክሪኑ ከደበዘዘ የግራፊክስ ድራይቨሩ ደህና ነው፤ የጎደለው የቁልፎቹ ሶፍትዌር ነው። መጎተቻው ጭራሽ ከሌለ ወይም ሲጎትቱት ምንም ካልተለወጠ ችግሩ ግራፊክስ ላይ ነው። የእርስዎ ይሄኛው ይመስለኛል።

ማረጋገጫው «ዲቫይስ ማናጀር» ውስጥ አለ። የዊንዶውስ ምልክቱን በቀኝ ቢነኩት ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ያገኙታል። «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለውን ይክፈቱ። «ኢንቴል ኤችዲ ግራፊክስ» የሚል ካዩ መልካም። «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካዩ ጠላትዎን አገኙት። ይሄ ዊንዶውስ ትክክለኛው ድራይቨር እስኪመጣ ስክሪኑን ለማብራት ብቻ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ነገር ነው። ምስል ያሳያል፤ ብርሃን መቆጣጠር አያውቅም። በእሱ ላይ እስካሉ ድረስ ኤፍ 2ን ሺህ ጊዜ ቢጫኑት፣ አዲስ ኪቦርድም ቢያስገቡ፣ ፍንክች አይልም።

ድራይቨሩን መጀመሪያ ከዊንዶውስ ራሱ ይፈልጉት። ሴቲንግስ፣ ዊንዶውስ አፕዴት፣ ከዚያ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ኦፕሽናል አፕዴትስ»። የኢንቴል ስም ያለበት ድራይቨር ካለ ምልክት አድርገው ያውርዱት። እዚያ ከሌለ ከኢንቴል ድረ ገጽ ላይ 6ኛ ትውልድን ይደግፋል የተባለው የግራፊክስ ድራይቨር የእርስዎ ነው፤ ለዊንዶውስ 11ም ይሆናል። መጠኑ ብዙ መቶ ሜጋባይት ስለሆነ በሞባይል ዳታ አይጀምሩት፤ ቢሮ ዋይፋይ ካለ እዚያ ያውርዱት። ላፕቶፕዎ ሁለት ግራፊክስ ካርድ ካለው አንዱን ብቻ ጭነው አይለፉ። የስክሪኑን ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ትልቁ ሳይሆን የኢንቴሉ ነው።

ኢንስቶል ካደረጉ በኋላ «ሪስታርት» ይበሉ። አጥፍቶ ማብራት አይተካውም። ዊንዶውስ በፍጥነት ለመነሳት ሲል ሲጠፋ የውስጡን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ሲበራ ያንኑ መልሶ ይጭነዋል። ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ የሚጀምረው ሪስታርት ሲባል ነው። «ድራይቨሩን ጫንኩት፣ ለውጥ የለም» ከሚሉኝ ሰዎች ውስጥ ስንቱ በዚህ እንደዳነ!

ሦስተኛዋ የአውሮፕላኗ ቁልፍ ናት። አትቸኩሉባት፤ ዋይፋዩን ከዚያችው ከጥጉ ሳጥን ማጥፋትና ማብራት ይችላሉ። ግን ረድፉ ሙሉ እንዲሆን ከፈለጉ ሁለት ትንንሽ ነገሮች ይጎድላሉ፦ «ኤችፒ ሲስተም ኢቬንት ዩቲሊቲ» እና «ኤችፒ ዋየርለስ በተን ድራይቨር»። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበት «አንኖውን ዲቫይስ» ካዩ፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብተው «ዲቴይልስ» ላይ «ሃርድዌር አይዲስ» የሚለውን ይምረጡ። ኤች፣ ፒ፣ ኪው ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ 6001 የሚል ቁጥር ካለ ያቺ የዋየርለሷ ቁልፍ ናት፤ ድራይቨሯን እየጠበቀች ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊያደናግርዎት ይችላል። ኤችፒ ድረ ገጽ ላይ የላፕቶፑን ቁጥር ሲያስገቡ ገጹ ዊንዶውስ 11 እንዳለዎት በራሱ አይቶ ድራይቨር የለም ሊልዎት ይችላል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከኢንቴል የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፤ የእርስዎ 6ኛ ነው። ባለሙያው ፍተሻውን ዘልሎ ነው የጫነልዎ። ስለዚህ ድረ ገጹ ላይ ሲስተሙን በእጅዎ ወደ ዊንዶውስ 10፣ 64 ቢት ይቀይሩት። ዝርዝሩ ይመጣል። የዊንዶውስ 10 ድራይቨር 11 ላይ በአብዛኛው ያለ ችግር ይሠራል፤ ዊንዶውስ 11 ራሱ ውስጡን ቢያዩት የቨርዥን ቁጥሩ አሁንም 10 ብሎ ነው የሚጀምረው።

ገደቡንም ልንገርዎት። ማይክሮሶፍት እንዲህ ፍተሻ ዘልለው ለተጫኑ ኮምፒውተሮች ዝመና እቀጥላለሁ ብሎ ዋስትና አይሰጥም። አንድ ትልቅ ዝመና ከመጣ በኋላ ቁልፎቹ እንደገና ቢያኮርፉ አይደንግጡ፤ ከላይ ያለውን መንገድ ይድገሙት። ወደ ዊንዶውስ 10 ተመለሱ ግን አልልም። መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የድርጅት ሒሳብ በያዘ ላፕቶፕ ላይ ለኤፍ 2 ሲባል ወደዚያ አይኬድም።

የአማርኛ መጻፊያውን ከጥርጣሬ ያውጡት። የቋንቋ ለውጥ የሚነካው ፊደላቱን ነው፤ ብርሃንና ዋይፋይ ላይ ሥልጣን የለውም። አንዳንድ ፕሮግራም አንድ የኤፍ ቁልፍ ለራሱ አቋራጭ አድርጎ ሊይዝ ይችላል፣ እውነት ነው። ከጠረጠሩ ከሰዓቱ አጠገብ ካሉት ምልክቶች ውስጥ ፈልገው ይዝጉትና ይሞክሩ። በከንቱ አያጥፉት።

ሦስት ነገር አደራ። «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጠቅታ» የሚሉትን ጥቅሎች አይንኩ። ያልጠየቁትን ፕሮግራም አብረው ይጭናሉ፤ የሚሠራውን የድምፅ ድራይቨር በሌላ ቀይረው የሚሄዱም አሉ። ቀጥሎ፣ የተጫነልዎ ዊንዶውስ «ላይት» የሚባለው የተቀነሰው ዓይነት መሆን አለመሆኑን ባለሙያውን ይጠይቁት። ቀላል እንዲሆን ሲሉ የማይክሮሶፍት ስቶርንና ሌሎች የውስጥ አገልግሎቶችን ስለሚያወጡበት የኤችፒው ሶፍትዌር መቀመጫ ያጣል። እሱ ከሆነ ድራይቨር ማሳደዱን ትተው ሙሉውን ዊንዶውስ ያስጭኑ። ሦስተኛውና ትልቁ፦ ለዚህ ችግር ሲባል ባዮሱን አፕዴት እናድርገው የሚል ካለ እሺ አይበሉ። በመሃል መብራት ሄዶ ባትሪውም ከደከመ ላፕቶፑ ከነአካቴው ላይነሳ ይችላል። ኪቦርድ ሲያድኑ ማዘርቦርድ ማጣት ነው።

ሌላ ላፕቶፕ ይዛችሁ ይሄን የምታነቡም አላችሁ። አካሄዱ ያው ነው፤ ስሙ ይለያያል። ሌኖቮ አይዲያፓድ ላይ ባዮስ ውስጥ ያለው ምርጫ «ሆትኪይ ሞድ» ይባላል። አሱስ ከሆነ የሚጎድለው «አሱስ ሲስተም ኮንትሮል ኢንተርፌስ» ነው፤ በቆዩት ላይ ደግሞ ኤቲኬ የሚባለው። ኢንቴል ማክቡክ ላይ ዊንዶውስ የጫነ ሰው የቡት ካምፕን ድራይቨሮች ካላስገባ የብርሃን ቁልፉን እርም ይበል። ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት የጫናችሁ ብዙ ጊዜ ዕድለኞች ናችሁ፤ የኢንቴል ግራፊክስም የታወቁት ፋብሪካዎች ቁልፎችም ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ውስጥ አብረው ይመጣሉ። የአክሽን ኪይስ ጉዳይ ግን እዚያም ይከተላችኋል። ባዮስ ውስጥ ያለ ነገር በላዩ ላይ ማን እንደተጫነ አይጠይቅም።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ዛሬ ማታ ባዮሱን፣ ነገ ቢሮ ግራፊክሱን፣ የኤችፒዎቹን ሁለት ሲመችዎ። በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፤ ከእያንዳንዱ ቀጥሎ ሪስታርት። ሁሉም አልቆ ቁልፎቹ አሁንም ግራ ከገባቸው ላፕቶፑን አጥፍተው ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ያውጡት። ማብሪያውን ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ያ ዘበኛ ቺፕ ከዚያ በኋላ እንደ አዲስ ይነሳል።

ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሲያበሩት ኤስኬፕና ኤፍ 10 ባዮስ ውስጥ አላስገባ ካሉዎት፣ ከጎረቤት የዩኤስቢ ኪቦርድ ተውሰው ይሰኩና በእሱ ይሞክሩ። የተዋሱት ካስገባዎትና የላፕቶፑ ደጋግሞ እምቢ ካለ ያኔ ባለሙያው ትክክል ነበር፤ ኪቦርዱ ይቀየር።